ባለካባውን በአፌ ቀበርኩት

ዛሬ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ በገዛ አፌ የቀበርኩት ሰውዬ ሕዝብ ፊት ተነስቶ ጉድ ሠራኝ!

ተረጋጉ፣ ነፍስ አላጠፋሁም። እስከ መጨረሻው አንብቡና ያኔ ሳቁብኝ።

እንደምታውቁት ከመናኸሪያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት አለኝ። የውጭ ፊልም እከፍትና ማይክ ይዤ፣ ጀግናውንም ጠላቱንም ፍቅረኛውንም ሆኜ በአማርኛ እተረጉማለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ደግሞ የቦክስ ኦፊስ፣ የፊልም ገበያ ማለቴ ነው፣ ተንታኝ ነኝ። (ማን ሾመህ እንዳትሉኝ!)

በቀደም ምን ብዬ ፖስት አደረግኩ? "የባለካባው ስምንተኛ ክፍል ቅዳሜ ይከፈታል! ሐይቅ መቆሚያ አይኖራትም!"

ልብ በሉ፣ ስምንተኛ! ዘጠነኛው ደግሞ ስለ ልጁ ነው ተብሏል።

የውስጤን ልንገራችሁ? እኔም ሰልችቶኛል። ያው ከተማ ይፈርሳል፣ ያው ባለካባ ሰውዬ ይበራል፣ የሚነደው የእኔ ጉሮሮ ነው። ግን ምን ላድርግ? እንጀራዬ ነው።

ቤቱ የሐጂ ይማም ነው። ሐጂ ቁርጡን ነግረውኝ ነበር፦ "አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሰግጄ ስመለስ ጎራ እላለሁ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ማሽላ አስገባበታለሁ። ማሽላ ቢያንስ አይጮህም።"

እናላችሁ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሬ ከተማውን አካለልኩ። እስከ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

መምጣት ግን አልመጡም!

የመጣው ሰው የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር እንኳ በቅጡ አልሞላም። አንዷ በራችን ላይ ዓሣ የሚጠብሱት እትዬ አስካለ ናቸው። ሰባተኛው ክፍል ላይ ባለካባው ሲሞት ከልባቸው አልቅሰውለት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር ወደ ቤት የሄዱት። ዛሬ ሰውዬው ከፍርስራሽ ውስጥ ብድግ ሲል እሳቸውም ብድግ አሉ።

"ይሄ ያለቀስንለት አይደለም?"

"ነው እትዬ። ተነሳ እኮ።"

"ማን ፈቅዶለት? እንግዲያው እንባዬን መልስልኝ!"

ወደ በሩ አመሩ። የቀሩትም ተከተሏቸው። በዚያው ቅጽበት ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

መብራት ጠፋ!

ጄኔሬተሬን ለሰርግ ተውሰውኛል። ሐጂ የሚመጡበት ሰዓት ደርሷል። በጨለማው ውስጥ ማሽላው በጆንያ በጆንያ ሆኖ ታየኝ።

"ቆዩ!" ብዬ ጮህኩ፤ ያለ ማይክ። "ዛሬ የምሩን ነው የሚሞተው!"

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ባለካባውን በአፌ ከአምባሰል ተራራ አፋፍ ላይ ለቀቅኩት። መብረር አቃተው። እናቱን ጠርቼ ሬሳው ላይ አስጮህኳት። (እናቱ አንደኛው ክፍል ላይ ሞታለች! ማን ያስታውሳል?) መቃብሩን ራሴ ቆፈርኩ፣ አፈር መለስኩ፣ ድንጋይ ጫንኩበት።

እመኑኝ፣ ድንጋዩን ስጭንበት ከእኔ ላይ የወረደ መሰለኝ። ሰባት ክፍል ሙሉ የተሸከምኩት ሰውዬ ነዋ!

እትዬ አስካለ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ሙሾ አወረዱ፦

"ደመናን ሲያቋርጥ ኖሮ ኖሮ ኖሮ፣
ካባው አላዳነው ገባ ካፈር አብሮ።"

ሌሎቹ ተቀበሏቸው። አንድ የባጃጅ ሹፌር "ወንድሜን!" ብሎ ደረቱን መታ።

እንግዲህ ሰው ከገበያ የሚመለስበት ሰዓት ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ ማለፍ አያውቅም። አንዱ "ማነው?" እያለ ገባ፤ ሌላው ተከተለው። ክርስቲያኑም እስላሙም ዕቃውን በር ላይ እያስቀመጠ፣ በጨለማ ወንበር እየዳበሰ ተቀመጠ። አዳራሹ ሞላ! ቦታ ያጣው ቆመ!

ሐጂ ይማም ደረሱ። የተሰበሰበውን ሰው አይተው ደነገጡ።

"ኢና ሊላህ!" አሉና ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ።

መብራት መጣ።

ቴሌቪዥኑ ቦግ አለ። አቧራ እንዳይገባው በፎጣ የሸፈንኩት ላፕቶፕ ለካ በባትሪው ፊልሙን ሲነዳው ነበር! ባለካባው ሰማይ ላይ ነው። ካባው ይውለበለባል። ይስቃል! ጥርሱ ደግሞ እንዴት እንደሚያበራ!

ያ ሁሉ ለቀስተኛ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐጂ እጃቸውን እንደዘረጉ ጠየቁኝ። "ሟቹ ይሄ ነው?"

"አዎ ሐጂ።"

"ከዚህ በፊትስ ሞቶ ያውቃል?"

"ሁለት ጊዜ።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ፤ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ያዙ። አዳራሹ አብሯቸው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም።

"አጥፋው!" አሉኝ። "ስንቴ ነው የምናለቅሰው?"

"እውነቷን ነው" አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "አንዴ የተለቀሰለት ይረፍበት። አብሽር አንተ ልጅ፣ ማሽላውን ሌላ ቦታ አደርገዋለሁ። ይሄን ሰውዬ ደግመህ ብታስነሳው ግን፣ ወላሂ በርበሬ ነው የማስገባበት!"

አጠፋሁት። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። "ከቀብሩ በኋላስ?" አሉኝ። ከተማዋ ያለ ጀግና እንዴት እንደከረመች፣ የፈረሰውን ቤት ሰዉ ራሱ በደቦ እንዴት እንደሠራ በአፌ ጨረስኩላቸው። አንድም ፍንዳታ የለውም። ጉሮሮዬ እንኳ አልደረቀም!

አሁን የባጃጅ ልጆች "አስለቃሹ!" እያሉ ይጠሩኛል። ይጥሩኝ። ቪዲዮ ቤቴ ከማሽላ ተርፏል።

አመሻሽ ላይ በሩን ስቆልፍ የማላውቃቸው እናት ንፍሮ በሳህን ይዘው ከተፍ አሉ። ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው።

"እግዜር ያጥናህ ልጄ" ብለው ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ሁሉ መንገድ ንፍሮ ተሸክመው! አፌን በንፍሮ ዘጋሁት።

"ልጅ ትቷል?" አሉኝ ቀስ ብለው።

ስለ ልጁ ነው የተባለው ዘጠነኛው ክፍል ትዝ አለኝ።

"ኧረ የለውም እማማ! በፍጹም አልወለደም!"

"ውይ፣ ምስኪን!" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

እኔ ደግሞ እፎይ ብዬ ንፍሮውን ደገምኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ እናንተ ብትሆኑ "አለው" ትሉ ነበር?