አንድ ሳጥን ወይስ ሁለት

(አምቦ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ፣ ረፋድ ላይ። ዋቅቶላ ለቤቱ አምፕሊፋየር ሊገዛ መጥቷል፤ ጎረቤቱ ናትናኤል ደግሞ «እኔ አማክርሃለሁ» ብሎ ሳይጠሩት ተከትሎታል። ምክሩ ለጽድቅ አይደለም። የናትናኤል እህት የፍቅርአዲስ ሰርግ ደርሷል፤ ዋቅቶላ የሚገዛውን አምፕሊፋየር ለሰርጉ ዳስ ሊዋሰው አስቧል፣ ያውም በነፃ።)

ናትናኤል፦ አንተ ሰው፣ ስንቴ ልንገርህ? ባለ አንዱን ሳጥን ተወው!

ዋቅቶላ፦ ምን በደለኝ? ሁሉም ነገር እውስጡ አለ ተባለ።

ናትናኤል፦ ችግሩ እሱ ነዋ! ሁሉም አንድ ቤት ታጭቆ ድምፁ ይታፈናል።

ዋቅቶላ፦ እኛም ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ ድምፃችን ግን ጊንጪ ከተማ ድረስ ይሰማል።

ናትናኤል፦ (ፊቱን በመዳፉ እያሸ) ስማኝ። ባለ ሁለቱን እየው፤ ይኼኛው ሳጥን ዘፈኑን ተቀብሎ ያስተካክላል፤ ያኛው ጉልበት ይሰጠዋል።

ዋቅቶላ፦ ጉልበት ያለው ራሱ አይቀበልም?

ናትናኤል፦ የሥራ ክፍፍል ነው! ቢሮህ ውስጥ አንተና ኃላፊው አንድ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ?

ዋቅቶላ፦ ኃላፊው መቼ ወንበሩ ላይ ተገኝቶ ያውቃል?

ናትናኤል፦ ኤጭ!

ዋቅቶላ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ናትናኤል፦ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ዋቅቶላ፦ ታዲያ ሁለት መሆናቸው ምን ጠቀመኝ?

ናትናኤል፦ (በንዴት እየተንተከተከ) ድምፁ! ዳሱን... ማለቴ ሳሎኑን ይሞላዋል!

ዋቅቶላ፦ (ሳጥኖቹን እያነሳ እያስቀመጠ) ቆይ፣ ቆይ። አንዱ ብቻውን አይዘፍንም?

ናትናኤል፦ ትንፍሽ አይልም።

ዋቅቶላ፦ ያኛውስ?

ናትናኤል፦ እሱም። ካልተገናኙ ቆርቆሮ ናቸው።

ዋቅቶላ፦ (ፊቱ በርቶ) ጋሪዳ! ጥሩ ነው፣ ባለ ሁለቱን እወስዳለሁ።

(የናትናኤል ልብ ጮቤ ረገጠች። እንዲህ ያለ የዋህ ጎረቤት ከየት ይገኛል? ከባዱን ሳጥን ራሱ ተሸክሞ ዋቅቶላ ቤት ድረስ አደረሰ።)

ናትናኤል፦ (ሳጥኑን ትከሻው ላይ እንደያዘ ላቡን እየጠረገ) እንግዲህ ወንድሜ፣ ለፍቅርአዲስ ሰርግ አንድ ቀን ብታውሰኝ?

ዋቅቶላ፦ ኤዬ! እንዴት እምቢ እልሃለሁ? የተሸከምከውን ሳታወርደው ይዘኸው ሂድ።

ናትናኤል፦ ተባረክ! ያኛውስ?

ዋቅቶላ፦ እሱ ቤት ይጠብቃል።

ናትናኤል፦ ያለ እሱ እኮ አይሠራም!

ዋቅቶላ፦ አውቃለሁ፣ አስረድተኸኛል። የድሮ ቴፔን ሰዎች ካቺሲ ከተማ ለነበረ ሰርግ ተውሰውኝ በዚያው ቀረ። እምቢ ብል ደግሞ ከአገር ሰው እጣላለሁ። አሁን ግን ማንም ይምጣ፤ ዕድሜ ላንተ፣ ግማሹን መርቄ እሰጣለሁ።