አራት ስፒከር ያለው ቁምሳጥን

ቆማችሁ የምታነቡ ካላችሁ ተቀመጡ። ዛሬ የደረሰብኝ ነገር ተቆሞ የሚነበብ አይደለም። እኔ ራሴ ይሄን የምጽፈው ሳይበር ካፌ ጥግ ላይ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው።

ሱፌ ጭስ ጭስ ይላል።

የአምፕሊፋየር ጭስ ነው! የገዛ አምፕሊፋየሬ!

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ጊታር እጫወታለሁ፤ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል። ያለኝ አምፕ ትንሽ ነው። ከሥሩ አንድ ስፒከር ያላት ትንሽ ሳጥን አለችው። ለዓይን አይሞሉም፣ ግን ለዓመታት አንድ ቀን እንኳን አላሳፈሩኝም።

ከዚያ ጋልጋሎ መጣ።

ጋልጋሎ ጓደኛዬ ነው። ጊታር አብረን ነው የጀመርነው፤ መጀመሪያ እንዲያውም አንድ ጊታር ለሁለት ነበር የምንካፈለው። ቅን ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሰው አያማም። የሚያናድደኝም ይሄው ነው!

አምና በሎሪ የተጫነ ነገር ከናይሮቢ መጣለት። ወፍራም አምፕ፣ ከሥሩ ደግሞ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ባለ አራት ስፒከር ቦክስ። ከሎሪው ሲወርድ የሰፈሩ ሰው ታቦት የወጣ ይመስል ተሰበሰበ። እኔም «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ አቀፍኩት።

ቤቴ ስገባ ምሳ አልወርድ አለኝ።

ቀናሁ። በቃ ቀናሁ! መጀመሪያ ላይ «ይሄ ቅናት አይደለም፣ የሙያ ጉጉት ነው» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ውሸት! አንጀት የሚበላው፣ ንጹሑ፣ ውሃ ያልተቀላቀለበት ቅናት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰርግ ያለው ሁሉ «ጋልጋሎን ጥሩልኝ፣ ባለ ትልቁን» ሆነ። እኔን ታዲያ ምን ብለው የሚጠሩኝ ይመስላችኋል?

ባለ ትንሹ።

ባለ ትንሹ! ሚስት ለማግባት የሚያስብ ሰው በዚህ ስም እንዴት ይኖራል?

ይሁን፣ ይሄንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት እህቴ ትዕግስት ልታገባ ስትል የሆነውን ነው። የሰርጉን ዝግጅት የያዙት አጎቴ ጋሽ ደምሴ፣ ዓይኔን እያዩ «ሙዚቃውን ለጋልጋሎ ሰጥቻለሁ» አሉኝ።

«እኔስ ጋሼ?»

«አንተማ የሙሽራ ወንድም ነህ፣ ትበላለህ» አሉኝ።

ትበላለህ!

ያዳነችኝ እህቴ ናት። ልጅ ሆና ስታለቅስ የማባብልባት አንዲት ዜማ አለችኝ፤ ስም የላትም፣ እኔው የፈጠርኳት ናት። «ድንኳን ስገባ ሶልዬ እሷን ካልተጫወተልኝ አልገባም» ብላ ድርቅ አለች። ጋሽ ደምሴ «የእሱ ድምፅ ከድንኳኑ ምሰሶ አያልፍም» ቢሏትም አልሰማችም። በመጨረሻ ተስማሙ፤ እሷ ስትገባ እኔ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ጋልጋሎ።

ሌላ ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ልምምዱን ይጀምራል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው። የእኔ ትንሽ ሳጥን ከዚያ ከጋልጋሎ ግድግዳ አጠገብ ተቀምጣ! እህቴ ስትገባ የእኔ ጥዝዝ፣ ከዚያ የእሱ ነጎድጓድ!

በጭራሽ።

ባለ አራት ስፒከር ቦክስ ላሠራ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ የሞያሌን ሰው ጠባይ ማወቅ አለባችሁ። እኛ ከወዲህ የጎደለን ነገር ከወዲያ አይጠፋም። መብራታችን ከኢትዮጵያ፣ ሲም ካርዳችን ከኬንያ፣ ኪሳችን ውስጥ ብሩም ሽልንጉም ተቃቅፈው ይኖራሉ። ሁሉን ነገር ግማሹን ከወዲህ፣ ግማሹን ከወዲያ አጋብተን ነው የምንኖረው፣ ይሠራልናልም። ስለዚህ ሁለቱን ስፒከር ከወዲህ፣ ከቆመ አሮጌ አውቶቡስ አስፈታሁ። ሁለቱን ደግሞ ድንበር ተሻግሬ ከሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገዛሁ። ስፋታቸው እኩል፣ መልካቸው ወንድማማች!

አሁን ሳስበው ያጋባኋቸው በስፋት ብቻ ነው። ጠባያቸውን ማን ጠየቀ?

ከአምፔ ጀርባ «ከ8 ኦም በታች አይሁን» የሚል ጽሑፍ አለ። ኦም ማለት ስፒከሩ አምፑ የሚልከውን ኃይል ምን ያህል ገታ አድርጎ እንደሚይዝ የሚነግር ቁጥር ነው። የአውቶቡሶቹ ላይ አራት አራት ይላል። የወዲያዎቹ ላይ ስምንት ስምንት። እኔ ጎበዙ ደመርኩ። ሃያ አራት! ከስምንት በታች አይሁን አለ እንጂ በላይ አይሁን አላለም! እንዲያውም ተረፈኝ አልኩና ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ አራቱንም ባንድ ላይ ጠመድኳቸው።

ሳጥኑን የሠራልኝ ሄሉ ሰፈር ያለ ፉንዲ ነው። አናጢ ማለቴ ነው፣ እዚህ ፉንዲ ነው የምንለው። ሰውዬው የሚያውቀው አልጋና ቁምሳጥን መሥራት ነው። «ከጋልጋሎ ይብለጥ» ብቻ አልኩት። አበለጠው! በቫርኒሽ አብለጨለጨው፣ እግር አወጣለት፣ አናቱ ላይ የተጠረበ አበባ ደረበበት።

«ፉንዲ፣ አበባው ለምንድን ነው?»

«ነፃ ነው» አለኝ።

ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ሠራ! ግን የሞከርኩት ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጌ ነው። ለምን? ጋልጋሎ ጎረቤቴ ነዋ! እንዳይሰማ! ድንገት ሰምቶ ክው እንዲል! አያችሁ ቅናት ሰውን እንዴት እንደሚያደነቁር? ሁለት በር አልፌ «ጋልጋሎ፣ ይሄን ነገር እስኪ እየው» ብል ኖሮ ዛሬ ሱፌ ሽቶ ሽቶ ይል ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን በእጅ ጋሪ አስጭኜ ድንኳኑ ደረስኩ።

መጀመሪያ ያዩት እናቶች እልል አሉ። እኔም አንገቴን ቀና አደረግኩ። ከዚያ አንዷ ቀረብ ብለው ቫርኒሹን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ተባረክ የኔ ልጅ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው! ለሙሽሮቹ ቁምሳጥን አመጣህላቸው!» አሉኝ።

«ስፒከር ነው እማማ።»

«በሩ በየት በኩል ነው?»

ሰዎች! ሴትዮዋ ዞረው ዞረው በር ፈለጉ!

ጋልጋሎ ደግሞ ሮጦ መጣና በሁለት እጁ አናቱን ያዘ። «ያ ዋቃ! አምላኬ! ሶል፣ ይሄ ያንተ ነው? እንዴት ያምራል!» አለ። ከልቡ ነው እኮ። እኔ ግን የቀናብኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀና! አልኩ በሆዴ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ደቂቃ ነው። «እየው እስኪ» ብሎ ወደ ጀርባው ሊዞር ሲል «ተው፣ አትንካው» ብዬ መለስኩት።

መለስኩት! በገዛ አፌ!

መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ መጡ። እህቴ ወረደች። ስለ እህቴ ማማር አልጽፍም፣ አሁን ብጽፍ አለቅሳለሁ። ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ቬሏን አስተካክላ ወደ እኔ አየች። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ የመጀመሪያውን ኮርድ መታሁ።

እናንተዬ! ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ! ጋሽ ደምሴ ወንበራቸውን ያዙ! ጋልጋሎ ዓይኑ ፈጠጠ! እህቴ አንድ እግሯን አነሳች።

ጢስስስስ።

ከዚያ ጸጥ።

ከአምፑ ጀርባ ቀጭን ጭስ ወጣ። ከዚያ ወፍራም። ሽታው የተቃጠለ ፀጉርና ላስቲክ ነው።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? «መብራት ጠፋ!» ብዬ ጮህኩ። ይሄን ስል በላዬ ላይ የድንኳኑ ባለቀለም አምፖሎች አንድ ሳይቀሩ ቦግ ብለው በርተዋል። ሰዉ ሁሉ አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። በር ፈላጊዋ ሴትዮ ከጥግ «ቁምሳጥኑ ተቃጠለ!» አሉ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጋሽ ደምሴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ጋልጋሎ፣ ምን ትጠብቃለህ? አንተ ምታ!» ብለው ጮሁ። እህቴ ግን ያነሳችውን እግር መለሰች። ሚዜዎቹ «እንግባ እንጂ» ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። አልገባም ማለቷ ነው። ሙሽራው ላብ በላብ ሆነ።

ጋልጋሎ ጊታሩን አስቀመጠ። ከራሱ አምፕ የመጣውን ገመድ ይዞ፣ ጫፉን ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

«ሰካ!» አለኝ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ነው ይሄን ሁሉ ያወራሁት። ወዲያው አልሰካሁም።

ገመዱን አየሁት። ያንን ትልቅ ቦክስ አየሁት። እህቴ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ፣ እኔ «በእሱ ስፒከር ተጫውቼ ሰው ምን ይለኛል?» እያልኩ ነበር። አፍሬ አልነበረም፣ ደንግጬም አልነበረም። ቅናት ነው እጄን የያዘው።

«ሶል! ኦቦሌሳ! እህትህ ቆማለች እኮ!» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው።

ሰካሁ። ተጫወትኩ። እህቴ እያለቀሰች ገባች፣ እኔም አጎንብሼ እያለቀስኩ መታሁ። ድምፁ፣ ምን ልበላችሁ፣ ማር ነው። ቀጥ ያለ፣ ሙሉ፣ ማንንም የማያስደነግጥ። ጉልበቴ ከጋልጋሎ ቦክስ ጋር ተጠግቶ ነበርና አንድ ነገር ገረመኝ። የሚርገበገበው ታች በግራ በኩል ያለው ስፒከር ብቻ ነው። ሌሎቹን በእጄ ነካኋቸው። ዝም። እንደ ድንጋይ።

ምሳ ላይ ያዝኩት። «ጋልጋሎ፣ ሦስቱ ስፒከሮችህ ምን ሆነዋል?»

ሳቀ። «ሞተዋል። ድሮ ነው የሞቱት! አምፑ ጉልበተኛ፣ እነሱ ደካማ፤ የመጀመሪያው ሰርግ ላይ ተራ በተራ ተቃጠሉ። ከዚያ ለአምፑ የሚሆን አንድ ደህና ስፒከር ፈልጌ ገጠምኩ። ሦስቱ ለዓይን ናቸው።»

ለዓይን! ዓመት ሙሉ የቀናሁት በሬሳ ነው!

የእኔን ሳጥን ጀርባ ከፍቶ ሲያይ ደግሞ ሳቁ ጠፋ። «አራቱን እንዲህ ጎን ለጎን ስታያይዝ ኦሙ አይደመርም፣ ይወርዳል። ኡራን መንደር ያለውን የውሃ ፓምፕ አስበው፤ አንድ ቧንቧ ስትከፍት ይችላል፣ አራቱን ባንዴ ስትከፍት ነዶ ይሞታል። የእኔ አምፕ ስፒከሮቼን በላ። ያንተ ስፒከሮች ደግሞ አምፕህን በሉት። ያቺ ትንሿ ሳጥንህ እኮ ልኩ ነበረች!»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ያንን ቦክስ ከገዛሁ ወዲህ ቤቴ መጥተህ ታውቃለህ?»

ሥጋውን ጎረስኩ። ጋሽ ደምሴ እንዳሉት፣ በላሁ።

እህቴ ልትሄድ ስትል አቅፋኝ በጆሮዬ «ሶልዬ፣ ገመዱን ሲሰጥህ ምን ስታይ ነበር?» አለችኝ።

«ሶኬቱ ልክ መሆኑን» አልኳት።

ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ «ስፒከሮቹን አውጣና ሳጥኑን ላክልኝ፣ ለልብስ ይሆነኛል» አለች።

ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው፣ ቁምሳጥን ነበር!

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ አልቆ ትምህርቴን ይዤ ብተኛ ጥሩ ነበር። ግን ሳይበር ገብቼ ፌስቡክ ስከፍት የሙሽራው ወንድም ቀድሞኝ ፎቶ ለጥፏል። እኔ ጊታር ይዤ፣ ከኋላዬ ያ የሚያብለጨልጭ ሳጥን ከነአበባው። ጭሱ ገና አልጀመረም። ከሥሩ አንድ የማላውቀው፣ ኦዳ የሚኖር ጊታሪስት እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

«ወንድሜ ይሄ ቦክስ ያንተ ነው? እኔ ባንዲት ትንሽ ስፒከር እየተሰቃየሁ! እውነት ለመናገር ቀናሁብህ። የት አሠራኸው?»

ልነግረው ይገባኛል አይደል? «ወንድሜ፣ ትንሿን ያዝ፣ ልክህ እሷ ናት» ልለው ይገባኛል። አምፔ ተቃጥሎ፣ እህቴ ታዝባኝ፣ ጓደኛዬን ዓመት ሙሉ ሸሽቼው፣ ይሄን ሁሉ አውቄ።

እና ለምንድን ነው «ቀናሁብህ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ የማነባት?