ማንም የማያውቀውን ጨዋታ የሚያውቀው ጸጋአብ

ጸጋአብ ኳስ ጨዋታ ጀመረ ተባለ።

ጂንካ ውስጥ ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄደው። ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍሮ፣ ገበያውን ዞሮ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ሸዋአለም ካፌ ሲደርስ ብቻውን አይደለም፤ ቤተሰብ መሥርቶ ነው። ይኸኛውም ሦስት ሆኖ ደረሰ። አንደኛ፣ ጸጋአብ ወላይታ ሶዶ ተዛውሯል። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን ሸጧል። ሦስተኛውን የካፌዋ ባለቤት ሸዋአለም የተናገረችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሰው ነውር እንደሚወራ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ ባለው የፕሌይስቴሽን ቤት፣ ከጎረምሶች ጋር ተሰልፎ፣ የኳስ ጨዋታ ሲጫወት ታይቷል። ጎል አግብቶም ጨፍሯል።

ጋሽ ዓባይነህ ማኪያቷቸውን ከአፋቸው መለሱ። ዝውውር ያለ ነገር ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ይዛወራል። ላፕቶፕም ይሸጣል። ጭፈራው ግን አልዋጥላቸው አለ።

«ማን ነው ያየው?» አሉ።

«አንድ ባጃጅ ነጂ።»

«ነጂው ራሱ ነው ያየው?»

«የጫነው ሰው ነው ያየው።»

«ይኼ ለማስረጃ አይበቃም» አሉና ጠጡ። ስኒውን ሲመልሱት ግን ማስቀመጫውን ስተው ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት።

በየከተማው አንድ ጸጋአብ አለ፤ የሌለበት ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤት ቢኖረውም፣ ከተማ አይባልም። ሰው ሁሉ የሚበላበት ምግብ ቤት ልትገቡ ስትሉ ክንዳችሁን ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትት፣ «እዚህማ ማንም ይበላል፤ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ያለችውን ቤት ታውቋታላችሁ?» የሚል ሰው ነው። ዝነኛ ነገር ያሳክከዋል። ያልታወቀ ነገር ካገኘ ደግሞ እናንተ እስክታውቁት ድረስ ምግብ አይወርድለትም።

የጂንካው ጸጋአብ ዘርፉ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ያውም ኳሱ፣ ተኩሱና የመኪና እሽቅድምድሙ አይደለም። አንድ ሰው ሆነህ በማታውቀው አገር የምትኖርበት፣ የምታወራበት፣ የምትዋሽበት፣ የምትታረቅበት፣ ታሪኩ አንተ በመረጥከው የሚዞርበት ዓይነት። እሱ «የሚና ጨዋታ» ይለዋል። ከእነዚህም ውስጥ ስመ ጥሮቹን በእጁ አይነካም። የእሱ ምርጦች የሆነ ብርዳም አገር ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ምድር ቤት ተቀምጠው የሠሯቸው ናቸው። «ይኼን ማንም አያውቀውም» ይላል፣ ሌላው ሰው «ይኼ ንጹሕ ወርቅ ነው» በሚልበት ድምፅ።

እውነቱን ለመናገር፣ ፍቅሩ የጀመረው ከኔትወርኩ ነው። ስመ ጥር ጨዋታ ግዙፍ ነው፤ ዛሬ ጂንካ ላይ ማውረድ የጀመረ ሰው ጨዋታውን የሚጫወተው ልጁ ነው። የወንድማማቾቹ ጨዋታ ግን ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ያንሳል። ከመብራት መምጣት እስከ መብራት መሄድ ባለው ጊዜ ወርዶ ያልቃል። ስማቸው ለአፍ ስለማይመች በአማርኛ ክርስትና አንሥቷቸዋል፤ «የፖስተኛዋ»፣ «ሰባተኛው ጉድጓድ»፣ «የድልድዩ ሹም»።

በሥራው የአይሲቲ ባለሙያ ነው። የተበላሸ ኮምፒውተር ሊጠግን ወደ ቢሮህ ይመጣል። ሲወጣ ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ግን ያላዘዝከው አንድ ፎልደር እዚያው ተቀምጧል። «አንድ ሰዓት ብቻ ታገሰው» ይልሃል። ስዕሉ የሕፃን ደብተር ይመስላል ካልከው «መልኩን አትይ፣ ጠባዩን እይ» ይላል፣ ልጃገረድ እንደሚድር አጎት።

ደግሞ ዝም ብሎ አይሰጥም። መጀመሪያ ያጠናሃል። ነርስ ሃዊ የክፍሏ ፕሪንተር ወረቀት እየበላ ቢያስቸግራት ወደ እሱ ደወለች። መጣ። ፕሪንተሩን ከፍቶ፣ ቀና ሳይል፣ «በልጅነትሽ ፍየል ጠብቀሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም። ምነው?»

«ስትናደጂ ትጮሂያለሽ ወይስ ዝም ትያለሽ?»

«እንደ ሰውዬው ነው።»

«የምትወጂው ሰው ሩቅ ሄዶብሽ ያውቃል?»

«አንተ፣ ፕሪንተሩን ነው የጠራሁህ፤ ሽማግሌ ልትልክ ነው እንዴ?»

ወረቀቱን ጎትቶ አወጣና «የፖስተኛዋ» አለ፣ መድኃኒት እንደሚያዝ። መንገድ በሌለበት አገር ደብዳቤ የምታደርስ ሴት ታሪክ ነው። ሃዊ ለሦስት ሳምንት ስትስቅበት ቆየች። በአራተኛው፣ ደብዳቤው የደረሳት እናት በሩን አልከፍትም ብላ እያስለቀሰቻት እንደሆነ በስልክ ነገረችው። «አትቸኩይ፣ ደጁ ላይ ተቀመጪ» አላት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለሰው ከሚመክራቸው ጨዋታዎች አንዱ በዓለም ላይ ታወቀ። ሚሊዮን ሰው ተጫወተው ተባለ። ጸጋአብ ካፌው ጥግ ላይ ለሁለት ቀን ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ። ሰው እየገባ «እግዜር ያጽናህ» አለው። እሱም ቀልድ መሆኑን ሳያጤን «አሜን» አለ።

ጋሽ ዓባይነህ በዚህ ሰው ተማርረው የሚያውቁትን ያህል በማንም አልተማረሩም፤ ቢያንስ እንዲህ ይናገሩ ነበር። ከሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት በቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሌላው ተከራክሮ ይወስናል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። የእጅ ጽሑፋቸው ውብ ነው። በዚያ ሁሉ ስብሰባ ግን እጃቸውን አውጥተው አያውቁም፤ ጸሐፊ ድምፅ የለውም። ጡረታ ወጥተው ካፌው ውስጥ ጋዜጣ ሲያነቡ፣ ጸጋአብ ላፕቶፑን በሽቦ ከሸዋአለም ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ «የድልድዩ ሹም»ን ከፈተ። እሳቸውም ዜናው ስለተዘጋባቸው ማጉረምረም ጀመሩ።

ጨዋታው ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። ጂንካ ውስጥ ግን ብቻውን የሚወስን ሰው አይታመንም፤ አሥራ አንድ ሰው ሆነው ይጫወቱት ጀመር። በሁለት መንደሮች መካከል ያለ ድልድይ ላይ ሹም ሆነህ ነገር ትዳኛለህ። ጸጋአብ እንግሊዝኛውን እያነበበ ይተረጉማል፤ ሰዉ ይከራከራል፤ እጅ ይወጣል። ሌላ ቦታ አንድ ሰው በአሥር ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሚጨርሰው ጨዋታ እዚህ አምስተኛ ወሩን ያዘ፤ የሚካሄደውም ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሲሳሳ ብቻ ነው።

ከዚያ ጨዋታው ውስጥ አንድ አውሬ መጣ። ከታችኛው መንደር ከብት ይወስዳል። ጨዋታው «ትዋጋለህ ወይስ ትሸሻለህ?» ብሎ ጠየቀ። ከቱርሚ ከብት ይዞ የመጣ ኦይታ የሚባል ነጋዴ፣ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ፣ «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ለምን ወሰደ? መጀመሪያ ይሄ አይጠየቅም?»

ትክክል ነው ተባለ። ድልድዩ ሥር የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ስለነበር እሱን ጠየቁት። ሽማግሌው ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። የትኛውም አገር ያለ ተጫዋች አንዴ ሰምቶት ያልፋል። እዚህ ግን ሽማግሌ እያወራ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው። «ይጨርሱ» አለች ሸዋአለም። ጸጋአብ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፣ ሽማግሌው ስለ ጉልበቱ ያወራል። በአሥራ ሰባተኛው ጊዜ ስለ ጉልበቱ አላወራም። የአውሬውን ግልገል የላይኛው መንደር ሰዎች ጎተራ ውስጥ እንደቆለፉበት ተናገረ።

ጸጋአብ ተነሥቶ ቆመ። ይህን ጨዋታ አራት ጊዜ ጨርሶታል። «ይኼን…» አለ፣ «ይኼንንማ እኔም አላውቀውም ነበር።» ፊቱ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነበር።

አውሬው ለሽምግልና ተቀመጠ። ጨዋታው ሦስት ዓይነት ፍርድ አቀረበ፤ ጉባኤውም ለሦስት ተከፈለ። ያን ጊዜ ጸጋአብ ዞር ብሎ፣ «ጋሽ ዓባይነህ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? እርስዎ ይወስኑ» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ያልጠየቃቸውን ጥያቄ ሲጠየቁ ደነገጡ። ሲደነግጡም አፋቸው የለመደውን አወጣ፤

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጠር።»

ተቀጠረ። ጋሽ ዓባይነህ ሳምንቱን ሙሉ ፍርዱን ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስት ጊዜ ቀደዱ። አራተኛውን በካኪ ፖስታ ይዘው ቅዳሜ ሲመጡ ጸጋአብ የለም። ስልኩ አይሠራም። ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አቧራ ብቻ አለ። በማግስቱ ጥያቄ፣ ሰኞ ግምት፣ ሐሙስ ደግሞ ያ ባለሦስት ወሬ መጣ።

«እንኳን ተገላገልን» አሉ ጋሽ ዓባይነህ። «ቴሌቪዥኑም ለዜና ይውላል።» ሸዋአለም ዜናውን ከፈተችላቸው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ተመልክተው ባጃጅ ጠሩ።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ጠባብ ነው። ኮት የለበሱ ሽማግሌ ሲገቡ ጎረምሶቹ ሁሉ ቀና አሉ፤ ባለቤቱ ያቤጽም ተነሥቶ ቆመ።

«ልጅዎን ነው ጋሼ? ስሙን ይንገሩኝ፣ አሁን ነው የማስወጣው።»

«ልጅ አይደለም። ጸጋአብ የሚባል ረዘም ያለ ሰው እዚህ ተጫውቷል?»

«ጋሼ፣ እዚህ የማይመጣ የለም፤ ስም አንመዘግብም።»

«ጎል አግብቶ የጨፈረ?»

«ሁሉም ይጨፍራል። ተራ ይያዝልዎት?»

ቁጭ አሉ። አንዱ ሌላውን አራት ለባዶ ሲያሸንፍ አዩ። ጨዋታው ቆንጆ ነው፤ ሣሩ የእውነት ሣር ይመስላል። ቡድን ሲመረጥ፣ ተጫዋች ሲቀየር፣ ቅጣት ምት ሲመታ ግን ዞር ብሎ «እርስዎ ምን ይላሉ?» ያላቸው አልነበረም። ፖስታውን ኮታቸው ውስጥ በእጃቸው እንደያዙ ወጡ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ኦይታ ከብቱን ሸጦ ካፌው ገብቶ «ዛሬም የለም?» አለ። «የለም» አሉት። ተቀመጠ። ሃዊም ከተረኛነት ወጥታ መጣች። ቴሌቪዥኑ ዜና ያወራል፣ ማንም አያየውም።

ከሰዓት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመና እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው ወረደ። የላፕቶፑን ሻንጣ ከጃኬቱ ሥር ደብቆታል። ገባ፣ ሰላም አላለም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ ሽቦውን ሰካ።

ጋሽ ዓባይነህ ሳያስቡት ትልቅ ትንፋሽ አወጡ፤ ሸዋአለም ከባንኮኒው ሆና ሰማችው። ጋዜጣውን አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ፣ አሁንም አጠፉ።

«የት ጠፋህ አንተ?» አለችው ሸዋአለም።

«ካኮ ሄጄ፣ አባቴ ዘንድ። የበቆሎ አጨዳ ነበር። መንገዱ በጎርፍ ተቆረጠ፣ ኔትወርክም አልነበረም።» ዞር አለ። «ጋሽ ዓባይነህ፣ ቀጠሮው አልፏል፤ ይቅርታ። ፍርዱ ደርሷል?»

ተነሡ። ፖስታውን ከፈቱ። የሌላውን ቃል ሲያነቡ የማይንቀጠቀጥ ድምፃቸው የራሳቸውን ሲያነቡ እንደሚንቀጠቀጥ ያን ቀን ነው ያወቁት። «ግልገሉ ዛሬውኑ ይፈታ» አሉ። «የታችኛው መንደር ከብቱን ያጣው በላይኛው መንደር ጥፋት ስለሆነ፣ የላይኛው ካሳ ይክፈል። አውሬው ከወንዙ ማዶ ይቀመጥ፤ ውኃ ሲጠማው ግን ድልድዩ አይዘጋበት።»

«ከሦስቱ ሁለተኛው ነው» አለ ጸጋአብ። «ልጫነው?»

ጋሽ ዓባይነህ ኦይታን አዩት። ኦይታ ራሱን ነቀነቀ። «ተጫን» አሉ።

ጎተራው ተከፈተ። ያ በሕፃን ደብተር ስዕል የተሠራ ግልገል ድልድዩን ተሻግሮ ሄደ። ሃዊ አፍንጫዋን ጠረገች። የሠሪዎቹ ስም ወጣ፤ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ቶሎ አለቀ።

ጋሽ ዓባይነህ ወረቀታቸውን ቀስ ብለው አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱ። ወደ ጸጋአብ ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ «አሁንማ ጨዋታው አለቀ» አሉ። «ሶዶ መቼ ነው የምትሄደው?»

«የምን ሶዶ?»

«ተዛውሯል ተብሎ ነዋ። ላፕቶፑንም ሸጧል፣ ኳስ ጨዋታም ጀምሯል፣ ጎል አግብቶም…» አሉና ጭፈራውን ሊጨርሱት አልቻሉም።

ጸጋአብ ሽቦውን ትቶ ቀና አለ። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ሸዋአለምን፣ ቀጥሎ ቤቱን በሙሉ አየ።

«ሶዶ አልተዛወርኩም፤ የጠየቀኝም፣ የጠየቅሁትም የለም» አለ። «ላፕቶፑ አልተሸጠም፤ ይኸው። ኳስ ጨዋታ ነክቼ አላውቅም። ጎል አላገባሁም። ጭፈራም ከተወለድኩ ጀምሮ አልጨፈርኩም።»