እማዬን የማዛወር ጉዳይ

ዕለቱ በወሩ ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ቦታው የባለጉዳይዋ ሳሎን። ድምፅ ያላቸው አራቱም አባላት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፦ የበኩር ልጅ፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ
አባል፦ ሴት ልጅ፣ የፋርማሲ ባለሙያ
አባል፦ የእሷ ባል፣ የመኪና ደላላ
አባል፦ የመጨረሻ ልጅ፣ በቤት ስሙ «ፕሮፌሰር»፤ ዩኒቨርሲቲውን ከሁለተኛ ዓመት አቋርጧል
ጸሐፊ፦ የልጆቹ አጎት፣ ጡረተኛ መምህር፤ ድምፅ የለውም
ባለጉዳይ፦ እናት፣ ልብስ ሰፊ። ጉዳዩ የራሳቸው በመሆኑ ድምፅ ቢሰጡ ያዳላሉ ተብሎ ከመምረጥ ታግደዋል።

አጀንዳ 1፦ እናት ሰብሳቢው ወደሚኖሩበት ከተማ ስለመዛወራቸው

ሰብሳቢው እንዳስረዱት ከተማው ትልቅም ትንሽም ያልሆነ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ሁሉ ነገር በሃያ ደቂቃ የሚደረስበት ነው። ባለጉዳይዋ በእግር ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ድምፅ የሌለው ሰው ጥያቄውን በጸሐፊው በኩል እንዲያቀርብ አሳሰቡ። ጸሐፊው ያንኑ ጥያቄ አቀረበ። በመኪና ነው የሚል መልስ ተሰጠ።

ፕሮፌሰር ባለፈው ወር እዚያ በእንግድነት ሳለ ዳቦ ሊገዛ በእግሩ መውጣቱን ተናገረ። የእግረኛ መንገድ አላገኘም። ሦስት ሾፌሮች መኪናህ ተበላሸ ወይ እያሉ ቆመውለታል፤ አራተኛው ሰድቦት አልፏል። ሰብሳቢው ሦስቱ ሾፌሮች የነዋሪውን ደግነት እንደሚያሳዩ ገልጸው ይህ እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዝግቧል።

ሴት ልጅ ዝውውሩ ለእናቷ የጉልበት ሕመም እንደሚበጅ ተናገረች። ፕሮፌሰር ሐኪሙ ያዘዘው መራመድ ነው ቢላት፣ ሐኪሙን በቅርብ ስለምታውቀው ብዙም እንደማታምነው መለሰች። ፕሮፌሰር ቀጥሎ የሰብሳቢው ልጆች ሞግዚት ሥራ ከለቀቀች ወር እንዳለፋት አነሳ። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለዋል። የእናቱ ክፍል ለእሱ እንደሚሰጥ ሲነገረው ፕሮፌሰር ተቃውሞውን ስቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ባለጉዳይዋ እንዲዛወሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ለእናት ማን ይነዳላቸዋል

ሰብሳቢው ጎህ ሲቀድ ወጥተው ሲመሽ እንደሚገቡ ገለጹ። ሚስታቸው ትነዳለች አሉ። ጸሐፊው እሷ ተጠይቃ እንደሆነ ለማጣራት ሞከረ። ሰብሳቢው በዚህ ደረጃ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም አሉ።

አማቹ ባለጉዳይዋ መንዳት ይማሩ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ለጀማሪ የምትሆን፣ አንዲት አስተማሪ ብቻ የነዳት ንጹሕ መኪና በእጁ እንዳለችም ጨመረ። ሚስቱ፣ ሳይጠሩት አቤት ማለት ልማዱ ስለሆነ አትስሙት አለች። አማቹ ቅሬታው እንዲያዝለት ጠይቆ ተይዞለታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የአሽከርካሪ አፈላላጊ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ፕሮፌሰር ከጥቅም ግጭት ነጻ በመሆኑ መሪ ሆኖ ተመርጧል። ሾፌር እስኪገኝ ባለጉዳይዋ ቤት ውስጥ ይጠብቃሉ።

አጀንዳ 3፦ የመስፊያ ቤቱ መዘጋት

አማቹ የባለጉዳይዋን ሲንጀር የስፌት መኪና ራሱ እንደሚያሻሽጥ አስታወቀ። እንዲሸጥ ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ባለጉዳይዋ በጸሐፊው በኩል መናገር ጠየቁ። ሰብሳቢው አጠር ይበል አሉ።

ባለጉዳይዋ ተነስተው እንዲህ አሉ፦

«እዚህ ስወጣ ማንንም አላስፈቅድም። እግሬ ይወስደኛል፤ መንገድ ላይ አሥር ሰው ሰላም ይለኛል፣ ሱቄ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። እዚያ ጠባቂዋ እኔ ልሆን ነው። መስኮት ላይ ቆሜ ጡሩንባ ሳዳምጥ ልዋል?»

ሰብሳቢው፣ «እማዬ፣ ለአንቺ ብለን እኮ ነው» አሉ።

«ለእኔ ከሆነ እኔን መጠየቅ ምን ከበደህ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፣ ልጄ።»

ሰብሳቢው መልስ ለመስጠት የመተዳደሪያ ደንቡን ጠየቁ። ጸሐፊው ደንብ የሚባል ነገር እንደሌለ አስታወሰ። ባለጉዳይዋ የሰርግ ልብሷን ልትለካ የምትመጣ ልጅ እንዳለች ተናግረው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሰብሳቢው ስብሰባው አላለቀም ሲሉ፣ «የእኔ አልቋል» ብለው ወጡ።

ሰብሳቢው ሊመልሷቸው የመኪና ቁልፍ ይዘው ተከተሉ። መኪናቸው ከኋላ በአማቹ መኪና፣ የአማቹ ደግሞ በሴት ልጅ መኪና ተዘግታ ተገኘች። ጸሐፊው ባለጉዳይዋ ገና ከማዕዘኑ እንዳልታጠፉ፣ በእግር ሊደረስባቸው እንደሚችል ጠቆመ። የሚሄድ አባል አልተገኘም።

አባላቱ ወደ ሳሎን ተመልሰው ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለውን ወስነዋል፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል፤ ንዑስ ኮሚቴው ሥራ ሳይጀምር ፈርሷል፤ ባለጉዳይዋ ባሉበት ይኖራሉ። ሰብሳቢው ይህ የሆነው በማንም ጫና ሳይሆን በአባላቱ አርቆ አሳቢነት መሆኑ እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ተጽፏል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ከሩብ ተዘጋ። ጸሐፊው ውሳኔውን ለባለጉዳይዋ ለማድረስ ወደ መስፊያ ቤቱ በእግሩ ሄዶ ተመልሷል። አባላቱ ያን ጊዜም ግቢ ውስጥ ቆመው የማን መኪና ቀድሞ ይውጣ በሚለው ላይ እየተወያዩ ነበር።