ሰርጌን ያደመቀው የጣሊያን ሞተር

«ይህንን የጀመርኩት እኔ ነኝ» የማይል ሰው ካገኛችሁ አደራ አሳዩኝ። ጠላ ጠማቂዋን ብትጠይቋት ሙያውን ከማንም አልተማረችም፤ ሸማኔውም ጥለቱን ያየው በሕልሙ ነው። የልጅ ልጄ ደግሞ ሰሞኑን ቫዮሊኑንም፣ ጥሩምባውንም፣ ዋሽንቱንም ሰብስቦ አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ አቋቋመና የከበሮውን ሥራ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ ሣጥን ሰጠው። ሣጥኑ ያለ ሰው እጅ ይደልቃል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ግን «አባባ፣ በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ተሞክሮ አያውቅም» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር ደብረ ታቦር ላይ ተሞክሯል። ያውም በጣሊያን ዘመን፣ ያውም በእኔ ሰርግ።

ጣሊያን ከተማችን ገብቶ በተቀመጠ ጊዜ አርበኛው ጉና ላይ ነበር። አዛዡም ከበሮ በተመታ ቁጥር «ለሽፍታ ምልክት እየሰጡ ነው» እያለ ስለተጨነቀ ከበሮ በአዋጅ ተከለከለ። የቤተ ክርስቲያኑን ብቻ፣ ቄሶቹ ስንት ተለማምጠው፣ ተወላቸው። መሰረግ ይቻላል። ማሲንቆም እምቢልታም ይቻላል። ከበሮ ይዞ የተገኘ ግን ወዮለት። ከበሮ የሌለበት ሰርግ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ተዝካር ነው የሚመስል።

እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ። ያጩልኝ አለሚቱ የባላምባራስ ገሠሠ ልጅ ናት። ባላምባራስ ደግሞ አንዴ ከማሉ አለቀ። አዋጁ ሳይወጣ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ፣ «የከበሮ ድምፅ ጆሮዬ ሳይገባ ልጄ ከደጄ ብትወጣ ኢየሱስ ይፍረድብኝ!» ብለው ኖሯል። አዋጁ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄዱ።

«ባላምባራስ፣ ዘመኑ ክፉ ነው። አንቱም ነገሩን ያስቡበትና የንስሐ አባትዎ ከመሐላው ይፍቱዎ።»

«መሐላ ጎመን ነው እንዴ የሚቀነጠሰው? ጣሊያን እስኪወጣ ትጠብቅ!»

ጣሊያን የሚወጣበትን ቀን ደግሞ የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን ጨንቆኝ ያጨኋትንም ማግባት አቃተኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለሚቱን ሳላገኛት ማርጀቴ ነው ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

እንግዲህ የባላምባራስ ግቢ ከጣሊያን ካምፕ ጋር በሽቦ አጥር ይዋሰናል። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ትልቅ ሞተር ነበር። በየቀኑ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያስነሡታል፤ የኤሌክትሪክ መብራቱም፣ ሬዲዮውም፣ የዳቦው ዱቄት መፍጫም የሚሠራው በእሱ ነው። ዱግ ዱግ ዱግ ሲል ያመሻል። ባላምባራስ «ምን ያለውን ጋኔን ነው ደጄ ላይ ያሰሩብኝ!» እያሉ ይረግሙታል።

ሰርጉ መቅረቱን ለማሲንቆ መቺው ለአያ ቢሻው ልነግረው ሄድኩ። አዳመጠኝና፣ «ያንን ሞተር ቆጥረኸው ታውቃለህ?» አለኝ።

«ምኑን ነው የምቆጥረው?»

«ምቱን ነዋ!»

በማግስቱ፣ ባላምባራስ የሞተሩን ጩኸት ሸሽተው በወጡበት ሰዓት፣ አያ ቢሻው ሦስት እምቢልታ ነፊዎች አስከትሎ ጓሯቸው ገባ፤ ጎመን ኮትኳች ተመስሎ። የአለሚቱ እናት እያወቁ እንዳላወቁ ሆኑ። እምቢልታ ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ከአንዱ እምቢልታ ከአንድ ሁለት ድምፅ በላይ አይወጣም፤ ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ሲቀባበሉ ነው። ከበሮ ካልያዛቸው አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ዘፈኑ ያነክሳል። ሞተሩ ደግሞ አመል ነበረው። አራት ጊዜ ይመታና ትንፋሽ እንዳጠረው ሽማግሌ አንዷን ይዘላል። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ፣ እህ! እዚያች «እህ» ላይ ሲደርሱ ሦስቱም ይጠፋፋሉ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይሄኔ ነው። በሦስተኛው ቀን የነፊዎቹ ታላቅ «የፈረንጅ ከበሮ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ሊሄድ ሲነሣ፣ አያ ቢሻው ከጎመኑ መካከል ቀና አለ።

«እሚዘላት ላይ የሰርጉ ሴቶች ያጨብጭቡባት» አለ።

አለቀ። ጭብጨባው ጉድጓዷን ደፈናት። ሽማግሌዎቹም ሄደው «ከበሮው ተገኝቷል» አሉና ቀን አስቆረጡ፤ ከየት እንደተገኘ ግን ትንፍሽ አላሉም።

በሰርጉ ዕለት ሚዜዎቼን አስከትዬ ስደርስ ባላምባራስ ኩታቸውን አጣፍተው በራፍ ላይ ቆመዋል። «ታዲያ ከበሮው ወዴት አለ?» አሉ። አያ ቢሻው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየና፣ «እየመጣ ነው፤ ትንሽ ይታገሡን» አለ። እኔ ዓይኔን ከአጥሩ አልነቀልኩም።

ከአጥሩ ማዶ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ያዘ። አያ ቢሻው እስኪሞቅ ጠበቀውና ማሲንቆውን ገዘገዘ። እምቢልታዎቹ ተቀባበሉ። ሴቶቹ እዚያች ጉድጓድ ላይ ጭብጨባቸውን አሳረፉ። ወገኖቼ፣ መሬቱ ነው የዘፈነ! ባላምባራስ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ወዲያው አንድ የጣሊያን መኮንን አስተርጓሚውንና ወታደሮቹን ይዞ መጣ። «ከበሮውን አምጡ!»

«ከበሮ የለንም፤ ይፈተሽ» አለ አያ ቢሻው።

ተፈተሸ፤ የጠላው ጋን ሳይቀር። የለም። አስተርጓሚው የአገራችን ልጅ ነውና ነገሩ ገብቶታል፤ እንዴት ብሎ ይናገረው? በመጨረሻ ጣቱን ወደ ሞተሩ ቀሰረ። የመኮንኑ ፊት በርበሬ መሰለ። አጥፉት ብሎ ጮኸ። ጠፋ።

እምቢልታዎቹ ተበታተኑ። ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ቤት አዞሩ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ሙሽራ ነኝ ብዬ እንኳ አላፈርኩም። ሴቶቹ ብቻ እጃቸውን አላሳረፉም። የሌለውን ምት በሆዳቸው እየቆጠሩ፣ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ጧ! ደግሞ ቆጥረው ጧ!

ጥቂት ቆይቶ ከካምፑ ጩኸት ተነሣ። ሬዲዮው ዝም ብሏል፣ ስንዴው መፍጫው ላይ ቀርቷል፣ ትልቁ አዛዥ ራሱ ወጥቶ ሞተሩን ማን አጠፋ እያለ ይሳደባል። መኮንኑ እኛን አየ፣ አለቃውን አየ፣ ከዚያ ቆቡን አስተካክሎ ወደ ካምፑ ተመለሰ። ሞተሩ አስነጠሰ። ተነሣ! አያ ቢሻው ማሲንቆውን በጭብጨባው መካከል አስገባው። እልልታው ጉና ላይ ሳይሰማ አልቀረም።

ባላምባራስ ደጁ ላይ ቆም አሉና ዞሩ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ተክለውባቸዋል። «እኔ የማልኩ ከበሮ ልስማ ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ «የማን ከበሮ እንደሁ መች ጠቀስኩ?» ኩታቸውን ወረወሩና ትከሻቸውን ለቀቁት። እኝህ ሰው እስክስታ ሲወርዱ ያየ ሰው እስከዚያ ዕለት ድረስ አልነበረም። አለሚቱ በበቅሎ ስትወጣ ጣሊያን በገዛ ነዳጁ እየደለቀ ሸኘን። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስታ እስከ ዛሬም አላየሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ሞተሩም ተነቅሎ ተወሰደ። ባላምባራስ ከደስታቸው የተነሣ ጥይት ተኮሱ። ሁለተኛ ልጃቸውን ሲድሩ ታዲያ ሰባት ከበሮ አስመጡ፤ ደላቂው እየተፈራረቀ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ደለቀ። ማምሻው ላይ አጠገባቸው ብቀመጥ ዓይናቸው ድሮ ሞተሩ ከነበረበት ከአጥሩ ማዶ ነው።

«ምነው አባቴ፣ ከበሮው አልጣመዎትም?» አልኳቸው።

«ጥሞኛል፣ ልጄ» አሉ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ጠጋ ብለው። «እነዚህ ግን ይደክማሉ።»