ይሉኝታ የያዘው እባብ

«በሞቴ» እያለ ካላጎረሰ የበላን የማይመስለው ዘመድ የሌለው ማነው? እኔ ግን እባብ የሚለምኑ ሴትዮ አውቃለሁ።

እትዬ ብርቄ የሚኖሩት ጄኔቭ፣ ቬርኒየ የሚባል ሰፈር ነው። ስዊሳዊው ጎረቤታቸው ለእረፍት ሲሄድ እባቡን አደራ ብሏቸዋል። ልጠይቃቸው ብቅ ስል፣ ከፍሪዘር የወጣ አይጥ በመቆንጠጫ ይዘው የመስታወት ሳጥኑ ፊት ተንበርክከዋል።

«በሞቴ! ይቺን ብቻ!»

እባቡ አንገቱን አዞረ፤ አንገቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቁኝ።

ጎረቤታቸው «ብርድ ሲገባ መብላት ያቆማል፤ አያስጨንቁት» ብሏቸው ነበር። የሚሰሙ መሰላችሁ?

«ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ ምግብ የሚጠላ ማን አለ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እባብ ደግሞ ምን ይሉኝታ አለው?» ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ፈረንጆች እራት ጋበዙኝ። እንደ ወጋችን ‹በቃኝ› ብዬ እስኪለምኑኝ ስጠብቅ፣ ‹እሺ› ብለው ሰሃኑን አነሱት። ርቦኝ አደርኩ።»

ካፖርቴን አውልቄ አጠገባቸው ተንበረከክኩና እባቡን «በሞቴ» አልኩት።