ሲስተር ጠርጥር ያመነች ዕለት

በየሆስፒታሉ ማንንም የማታምን አንዲት ሲስተር አለች። እኛ ጋ የለችም ካላችሁ፣ ተደብቃ እያየቻችሁ ነው።

የዚህችኛዋ ማዕረግ ክብርት ሲስተር ጠርጥር ነው። ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን እስካሁን እያጣራች ነው። ሚዛን አታምንም፤ በሽተኛውን ሁለቴ መዝና ሲያበቃ ራሷ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። ከሁሉ የማታምነው ማደንዘዣ መርፌን ነው። «ክንድ ያደነዝዛል ስትሉት ደም ውስጥ ከሾለከ፣ ሰውን ያንዘፈዝፋል፣ ልብ ያቆማል» ትላለች።

ስለዚህ የተወጋ ሁሉ ይመረመራል። «ምላስዎን ይደነዝዝዎታል? ጆሮዎ ይጮሃል? አፍዎ ብረት ብረት ይላል?» አንድ ሽማግሌ «ኧረ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለእጄ ነው» ቢሏት፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሳይቀር አስለፈለፈቻቸው።

ነርሶቹንም የምታስተምረው ይህንኑ ነው። «የተወጋውን ሰው አስወሩት። ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ መርፌውን ጠርጥሩ!» ማርከሻውን፣ ወተት የመሰለውን የቅባት ከረጢት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመደርደሪያው እንዲያመጡ ታዛለች። አዲሷ ነርስ ሁለቴ በር ገጭታለች። ብቻዋን መርፌ አጠገብ እንድትቆም የሚፈቅደውን ወረቀትም ሲስተር እስካሁን አልፈረመችላትም።

አንድ ቀን ሲስተር ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ደረጃውንም ጠርጥራለች። የሰመመን ባለሙያው ክንዷን ሊያደነዝዝ መውጋት ሲጀምር አዲሷ ነርስ አጠገቧ ቆመች።

«ስንት ሰጠህ? ቀስ በል እንጂ!» ስትል የቆየችው ሲስተር ድንገት ፈገግ አለች።

«ተዉት፣ ጎበዞች ናችሁ። አምናችኋለሁ።»

ባለሙያው ደስ አለው። ነርሷ ግን ክው አለች። ከተሳሳተች መሳቂያ ትሆናለች፣ ፊርማውም ይቀራል፤ ዝም ካለች ደግሞ ሲስተርን ልታጣት ነው።

«አቁም! መርፌውን አውጣ!» ብላ ጮኸች። «ሲስተር፣ አፍዎ ብረት ብረት ይላል?»

«አዎ» አለች ሲስተር እየሳቀች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው መላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። ባለሙያው ኦክስጅን አደረገላት፣ መንዘፍዘፉን የሚያቆም መድኃኒት ሰጣት። ነርሷ ሮጣ ከረጢቱን አመጣች፤ ዓይኗን ገልጣ ስለነበር በሩን አልገጨችም። ነጩ ፈሳሽ በሲስተር ደም ሥር ሲገባ ጣቶቿን ጨብጣ ቆየች። ስታማት የኖረችውን ሴት ምን ያህል እንደምትወዳት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

በስተመጨረሻ ሲስተር ዓይኗን ገለጠች። ከረጢቱን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ቀኑ እንዳላለፈበት አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ ሲስተር።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ነርሷ እንባዋ እየወረደ ከረጢቱን አዙራ አሳየቻት። ሲስተር ድናለች።